ኤክሴል በጆሮ፦ ከቁልፉ በፊት ሺቱ ይስተካከል

ጥያቄ፦ «ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። አካውንቲንግ ተምሬ በቅርቡ በአንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ክፍል ተቀጥሬያለሁ። ሙሉ በሙሉ ዓይነ ስውር ነኝ። ስክሪኑን በድምፅ በሚያነብልኝ ስክሪን ሪደር፣ በኤንቪዲኤ፣ ወርድና ኢሜይል ያለ ችግር እሠራለሁ። ኤክሴል ግን አልገፋልኝ አለ። ፔሮል (የደመወዝ መክፈያውን ሠንጠረዥ) ስከፍት የምሰማው ቁጥር ብቻ ነው። የማን እንደሆነ፣ ደመወዝ ይሁን ተቀናሽ ይምታታብኛል። በአማርኛ የተጻፈ ስም ላይ ስደርስ ድምፁ ዝም ይላል። ባልደረባዬ ደግሞ ‹ቀይ የተቀቡትን ብቻ አስተካክዪ› ብላ ትልክልኛለች። አለቃዬ ሥራውን ለሌላ ሰው ለመስጠት እያሰቡ ነው። ኤክሴል ለእኛ አይሆንም ማለት ነው? ወይስ ሌላውን ስክሪን ሪደር፣ ጆውስን፣ ልግዛ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ይሆናል። እኔም ዓይነ ስውር ነኝ፤ እንጀራዬም እንዳንቺ ላሉ ሰዎች ኮምፒውተር ማሠልጠን ነው። በስክሪን ሪደር ብቻ ፔሮል የሚሠሩ፣ የባንክ ሒሳብ የሚያስታርቁ፣ የበጀት ሪፖርት የሚያዘጋጁ ሰዎች አሉ። ያንቺ ችግር የችሎታ አይደለም። ለዓይን ብቻ ተብሎ የተሠራ ሺት ተሰጥቶሽ በጆሮ አንብቢው ተብለሻል።

ዓይናማ ሰው ሺቱን ሲከፍት ርዕሱንም፣ ስሙንም፣ ድምሩንም በአንድ ጊዜ ያያል። አንቺ የምትሰሚው ግን በአንድ ጊዜ አንድ ሴል፣ ማለትም አንድ የሠንጠረዥ ሳጥን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ሴል ላይ ስትደርሺ «እኔ የእገሌ ነኝ፣ የጡረታ ተቀናሽ ነኝ» ብሎ እንዲነግርሽ ማድረግ አለብን። ብዙ ሰው ኤክሴልን ሲጀምር መቶ የቁልፍ አቋራጭ ያጠናል። እኔ መጀመሪያ ሺቱን አስተካክዪ ነው የምለው። ሺቱ ከተስተካከለ የሚያስፈልጉሽ ቁልፎች ጥቂት ናቸው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል። «ኢንሰርት» ስል የኤንቪዲኤን ቁልፍ ማለቴ ነው፤ በላፕቶፕሽ ካፕስ ሎክን አድርገሽው ከሆነ እሱን ተጫኚ። የምናገረውም ኮምፒውተር ላይ ስለተጫነው ኤክሴል ነው፤ በኢንተርኔት ማሰሻ ውስጥ የሚከፈተው ጠባዩ ይለያል።

አዲስ ፋይል ሲደርስሽ ወደ ቁጥሩ አትግቢ። መጀመሪያ ዙሪውን። ኢንሰርት ኤፍ 7 ስትጫኚ የኤንቪዲኤ ዝርዝር ይከፈታል። እዚያ ውስጥ ሺቶቹን፣ ፎርሙላዎቹን፣ ኮሜንቶቹንና ቻርቶቹን በየዓይነታቸው ታገኛለሽ። ስንት ሺት እንዳለ፣ ስማቸው ምን እንደሆነ ስሚ። ከሺት ወደ ሺት ለመሄድ ኮንትሮል ፔጅ ዳውን፣ ለመመለስ ኮንትሮል ፔጅ አፕ ነው። ከዚያ ኮንትሮል ሆም ብለሽ ኤ 1 ላይ ቁሚ። ቀጥሎ ኮንትሮል ኤንድ ተጫኚ፤ ሺቱ እስከየት እንደሚደርስ ይነግርሻል። «ጄ 91» ካለሽ አሥር ኮለምና ዘጠና አንድ ረድፍ ነው ማለት ነው። አንዳንዴ ግን ያበዛዋል። አንድ ጊዜ ተጽፎበት የጠፋ ወይም ቀለም ብቻ የተቀባ ባዶ ሴልንም ይቆጥራል።

ኮንትሮል ከቀስት ጋር ሲጫን እስከ መረጃው ዳር ይወስድሻል። ወደ ታች ስትጫኚ ድንገት «ኤ 1048576» ብሎ ቢነግርሽ አትደንግጪ። መረጃው አልቆ የሺቱ መጨረሻ ረድፍ ላይ ወርደሻል። ኮንትሮል ከላይ ቀስት ጋር ይመልስሻል።

የሴሉን አድራሻ ማድመጥን ልማድ አድርጊው። ብዙ ሰው «ቢ 14፣ ቢ 15» የሚለውን ለማሳጠር ያጠፋዋል። አንቺ አታጥፊው። በታች ቀስት እየወረድሽ ከቢ 14 በኋላ ቢ 18 ካለሽ መሐል ላይ የተደበቁ ወይም በፊልተር የተሰወሩ ሦስት ረድፎች አሉ ማለት ነው። ይህን ዓይናማውም ብዙ ጊዜ ሳያየው ያልፈዋል፤ አንቺ ግን ትሰሚዋለሽ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የማን ቁጥር እንደሆነ የሚጠፋብሽ ኤንቪዲኤ ርዕሱ የት እንዳለ ስላልተነገረው ነው። አንዴ ንገሪው። ፔሮልሽ እንዲህ ነው እንበል፦ ረድፍ 1 ላይ የማኅበሩ ስም፣ ረድፍ 2 ላይ ወሩ፣ ረድፍ 4 ላይ ርዕሶቹ አሉ። ኤ ተራ ቁጥር፣ ቢ ስም፣ ሲ ደመወዝ፣ ዲ የሥራ ግብር፣ ኢ ጡረታ፣ ኤፍ የተጣራ ክፍያ። መጀመሪያ ኤ 4 ላይ ሂጂና ኢንሰርት ሺፍት ሲ ተጫኚ። ይህ «የኮለም ርዕስ ከዚህ ይጀምራል» ማለት ነው። ቀጥሎ ቢ 4 ላይ ሂጂና ኢንሰርት ሺፍት አር ተጫኚ። ይህ ደግሞ «የረድፉ መጠሪያ ቢ ኮለም ውስጥ ነው» ማለት ነው። ተሳስተሽ ሌላ ቦታ ላይ ከተጫንሽው ያንኑ ቁልፍ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ ስትነኪው ይሰረዛል።

አሁን ሲ 12 ላይ ቆመሽ ወደ ቀኝ ሂጂ። «የሥራ ግብር፣ 2,250፣ ዲ 12» ይልሻል። ደግመሽ ሂጂ። «ጡረታ፣ 840፣ ኢ 12»። አንድ ረድፍ ውረጂ። የቀጣዩን ሠራተኛ ስም ይጠራና ጡረታውን ይነግርሻል። ወደ ጎን ስትሄጂ የኮለሙ ርዕስ፣ ወደ ታች ስትሄጂ የሰውዬው ስም ይነበባል። ካልተነበበልሽ ኢንሰርት ኮንትሮል ዲ ብለሽ የዶኩመንት ፎርማቲንግ ማስተካከያውን ክፈቺ፤ የረድፍና የኮለም ርዕስ የሚለው ምርጫ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል።

ፋይሉን ሴቭ ስታደርጊ ይህ ምልክት አብሮ ይቀመጣል። በየወሩ ያንኑ ፋይል እየቀዳሽ የምትሠሪ ከሆነ ሥራው የአንድ ጊዜ ነው። ዓይናማ ባልደረቦችሽ ምንም የተለየ ነገር አያዩም። ፍሪዝ ፔን ግን ይህን አይተካም። ርዕሱን ስክሪኑ ላይ ለዓይን ነው የሚያቆየው፤ ለጆሮ ምንም አይጨምርም።

ርዕሶቹን አሳጥሪያቸው። «ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ የሚቀነስ የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ» የሚል ርዕስ ወደ ጎን በሄድሽ ቁጥር ይነበብልሻል። ከአሥር ሰው በኋላ ጆሮሽ ይደክማል። «ጡረታ 7» ይበቃል። ሙሉ ማብራሪያው የግድ ካስፈለገ ሴሉ ላይ ሺፍት ኤፍ 2 ተጭነሽ ኖት አድርገሽ አስቀምጪው፤ ስትፈልጊ በኢንሰርት ኦልት ሲ ታነቢዋለሽ።

አማርኛው ላይ ዝም የሚለው የመረጥሽው ድምፅ ፊደሉን ስለማያውቅ ነው። ስሙ ሴሉ ውስጥ አለ። ከኤንቪዲኤ ጋር አብሮ የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ የሚባለው ድምፅ አማርኛ አለው። ድምፁ የማሽን ነው፤ ለመልመድ ትንሽ ትዕግሥት ይፈልጋል። ለስምና ለርዕስ ግን ይበቃል። ኤክሴልን ክፈቺና እዚያው ሆነሽ ኢንሰርት ኮንትሮል ፒ ተጫኚ። ይህ የፕሮፋይል መስኮት ነው። አዲስ ፕሮፋይል ፍጠሪና «ለአሁኑ አፕሊኬሽን» የሚለውን ምረጪ። ከዚያ ሲንተሳይዘሩን፣ ማለትም ድምፅ ፈጣሪውን፣ በኢንሰርት ኮንትሮል ኤስ ወደ ኢስፒክ ኤንጂ ቀይሪ፤ ድምፁን በኢንሰርት ኮንትሮል ቪ ገብተሽ አማርኛ አድርጊ። ከዚህ በኋላ ኤክሴል ውስጥ ስትገቢ አማርኛ፣ ስትወጪ የለመድሽው ድምፅ ይሆናል። በእጅሽ መቀያየር የምትመርጪ ከሆነ ደግሞ ኢንሰርት ኮንትሮል ከቀስቶች ጋር ድምፅና ፍጥነት ይቀያይርልሻል፤ በላፕቶፕ አቀማመጥ ሺፍት ይጨመርበታል።

ሺቱን ስታስተካክዪ የመጀመሪያው ጠላትሽ የተዋሃደ ሴል ነው፤ መርጅ የሚሉት። የማኅበሩ ስም መሐል ላይ እንዲቀመጥ ከኤ 1 እስከ ኤፍ 1 አንድ ላይ ይዋሃዳል። ላይኛው ርዕስ ላይ ብቻ ቢሆን ብዙም አይጎዳሽም። ሠንጠረዡ ውስጥ ሲገባ ግን ቀስት ስትጫኚ ሁለት ሦስት ኮለም ይዘላል፣ ቁጥሩ የየትኛው ርዕስ እንደሆነ ይጠፋል፣ ሶርት ማድረግም (በቅደም ተከተል መደርደርም) እምቢ ይላል። ለዓይን ተመሳሳይ የሚመስል ሌላ መንገድ አለ። ሴሎቹን መርጠሽ ኮንትሮል 1 ተጫኚ። አላይንመንት በሚለው ገጽ ሆሪዞንታል የሚለው ውስጥ «ሴንተር አክሮስ ሴሌክሽን» የሚል አለ። ጽሑፉ መሐል ላይ ይታያል፤ ሴሎቹም አይዋሃዱም። ይህን ለባልደረባሽ አሳያት። ብዙ ዓይናማ የሒሳብ ሠራተኛ እንዳለ አያውቅም።

ሁለተኛው፣ በላይኛው ርዕስና በሠንጠረዡ መካከል አንድ ባዶ ረድፍ ይኑር። ረድፍ 3ን ባዶ ያደረግኩት ለዚህ ነው። ኤክሴል ሠንጠረዡ ከየት እንደሚጀምር የሚገምተው በባዶ ረድፍ ነው። ከሌለ ግን ፊልተር ስትከፍቺ የማኅበሩን ስም እንደ ርዕስ ሊወስደው ይችላል። ሠንጠረዡ መሐል ግን ባዶ ረድፍ አይኑር። «ለማሳመር» ተብሎ በየክፍሉ መካከል የሚተው ባዶ ረድፍ ኮንትሮል ታች ቀስትን መሐል መንገድ ላይ ያቆመዋል፤ ያለቀ ይመስልሻል።

አሁን ስለ ቀዩ ነገር። ባልደረባሽ ክፉ አስባ አይደለም፤ ቀለም ለእሷ ፈጣኑ መንገድ ነው። አንድ ሴል ላይ ቆመሽ ኢንሰርት ኤፍ ብትጫኚ የፊደሉንና የጀርባውን ቀለም ይነግርሻል። ለዘጠና ረድፍ ግን ይህ አያዋጣም። ዛሬ ያለውን ፋይል እንዲህ አድርጊ። ርዕሱ ረድፍ ላይ ቁሚና ኮንትሮል ሺፍት ኤል ተጫኚ፤ ፊልተር ይከፈታል። ቀይ አለበት የተባለው ኮለም ርዕስ ላይ ሄደሽ ኦልት ታች ቀስት። ከሚከፈተው ሜኑ ውስጥ «ፊልተር ባይ ከለር» የሚለውን ፈልጊና ወደ ቀኝ ቀስት ግቢ። ቀዩን ስትመርጪ የቀሩት ረድፎች ቀይ የተቀቡት ብቻ ናቸው። ሥራሽን ጨርሺና ኮንትሮል ሺፍት ኤልን ደግመሽ አጥፊው።

ከነገ ጀምሮ ግን ሠንጠረዡ መጨረሻ ላይ «ሁኔታ» የሚል አንድ ኮለም ይጨመር። የሚስተካከለው ላይ «ይታይ»፣ ያለቀው ላይ «አልቋል» ተብሎ ይጻፍ። ቀይም መቀባት ከፈለገች ትቀባ። ይህ ለአንቺ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ፔሮሉ በጥቁርና ነጭ ሲታተም ቀዩ ለማንም አይታይም፤ «ይታይ» የሚለው ቃል ግን ይታያል። ቀለምን መቁጠር ያስቸግራል፤ ቃልን ግን በአንድ ፎርሙላ መቁጠር ይቻላል።

ወደ ፎርሙላ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ረጋ እንበል። ሴሉ ውስጥ ፎርሙላ ካለ ኤንቪዲኤ ከቁጥሩ ጋር «ሐዝ ፎርሙላ» ይልሻል። ይህች ቃል ውድ ናት። የጡረታ ኮለም ላይ እየወረድሽ ሁሉም ላይ «ሐዝ ፎርሙላ» እያለ መጥቶ ኢ 37 ላይ ቁጥሩን ብቻ ቢነግርሽ፣ አንድ ሰው ፎርሙላውን ሰርዞ ቁጥር በእጁ ጽፎበታል። ደመወዙ ሲጨምር ጡረታው ባለበት ይቀራል። ዓይናማ ሰው ይህን ሺቱን በማየት ብቻ ብዙ ጊዜ አይለየውም። ለአንቺ ግን በማድመጥ ብቻ ይገኛል።

ፎርሙላውን ለማንበብ ኤፍ 2 ተጫኚና በግራና ቀኝ ቀስት ፊደል በፊደል ሂጂ። ከዚያ በፊት ግን የሥርዓተ ነጥብ ደረጃውን በኢንሰርት ፒ ወደ «ኦል» ከፍ አድርጊው። ካላደረግሽ ፎርሙላውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ስታስነብቢ ቅንፍና ኮማ ሳይነበቡ ሊያልፉ ይችላሉ፤ ፎርሙላ ደግሞ የሚበላሸው በቅንፍና በኮማ ነው። አንብበሽ ስትጨርሺ በኢስኬፕ ውጪ። ኢንተር አትጫኚ፤ ሳታውቂው አንድ ፊደል ነክተሽ ከሆነ ኢንተር ያጸድቀዋል።

አዲስ ፎርሙላ ስትጽፊ ቀስት ከተጫንሽ ኤክሴል ሌላ ሴል የምትመርጪ ይመስለዋል፤ አድራሻውን ይጨምርበታል። የጻፍሽው ውስጥ መመላለስ ከፈለግሽ መጀመሪያ ኤፍ 2 ተጫኚ። ጀማሪዎችን በብዛት የሚያደናግረው ይህ ነው፤ «ፎርሙላዬ ራሱን ቀየረ» ይሉኛል።

ጡረታው ቀላል ነው። የግል ድርጅት ሠራተኛ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ኢ 12 ላይ እኩል ምልክት፣ ሲ 12፣ የማባዣ ኮከብ፣ 7 በመቶ ብለሽ ብትጽፊ ይሠራል። እኔ ግን 7ቱን ፎርሙላው ውስጥ አልጽፈውም። «ተመን» የሚባል ሌላ ሺት ክፈቺና እዚያ አንድ ሴል ውስጥ አስቀምጪው። ፎርሙላው ወደዚያ ይጠቁም። አድራሻው ላይ ሳለሽ ኤፍ 4 ስትጫኚ የዶላር ምልክት ይገባበትና ፎርሙላው ወደ ታች ሲቀዳ አይንቀሳቀስም።

ግብሩ ላይ ይህ ዋጋው ይታያል። የብዙ መሥሪያ ቤት ፔሮል «ኢፍ» በ«ኢፍ» ውስጥ፣ በሌላ «ኢፍ» ውስጥ የታጨቀበት ፎርሙላ ይዟል። በጆሮ ይህን ማንበብ ቅጣት ነው። ስድስት ቅንፍ ሲዘጋ የቱ የየቱ እንደሆነ ማን ይለየዋል? ተመኑም አንድ ቦታ አይቆይም። ከግብር ነፃ የነበረው የወር ደመወዝ 600 ብር ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ማሻሻያ 2,000 ሆኗል፤ እርከኖቹም ተለውጠዋል። ስለዚህ «ተመን» ሺት ላይ ሦስት ኮለም ያላት ትንሽ ሠንጠረዥ ሥሪ፦ የእርከኑ መነሻ፣ መቶኛው፣ ተቀናሹ። ከላይ ወደ ታች 0 በ0 በመቶ ያለ ተቀናሽ፤ 2,000 በ15 በመቶ፣ 300፤ 4,000 በ20 በመቶ፣ 500፤ 7,000 በ25 በመቶ፣ 850፤ 10,000 በ30 በመቶ፣ 1,350፤ 14,000 በ35 በመቶ፣ 2,050። ቪሉክአፕ የሚባለው ፎርሙላ ደመወዙን ይዞ ሄዶ እርከኑን ያመጣልሻል። መቶኛውን በደመወዙ ታባዢና ተቀናሹን ትቀንሻለሽ። መነሻዎቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ መደርደር አለባቸው፤ ካልተደረደሩ ስህተት ያመጣል።

አንድ ሰው እንፈትሽ። ደመወዙ 12,000 ነው። 30 በመቶው 3,600፤ ከዚህ 1,350 ሲቀነስ 2,250 ግብር። ጡረታ 840። የተጣራ 8,910። ረድፍ 12 ላይ የሰማሻቸው ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። በየእርከኑ አንድ ሰው መርጠሽ እንዲህ በእጅሽ አስልተሽ ካስተያየሽ ፎርሙላሽን ታምኚዋለሽ።

እንግዲህ ማመሳከር። ዓይናማ ሰው ሺቱን በዓይኑ ገረፍ አድርጎ «ይህ ቁጥር አላማረኝም» ይላል። እኛ ያንን በሒሳብ እንተካዋለን፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ከዓይን ይልቅ አስተማማኝ ነው። ከሠንጠረዡ ውጪ «ማመሳከሪያ» የሚል ትንሽ ቦታ አዘጋጂ። አንደኛ፣ የደመወዝ ድምር ሲቀነስ የግብርና የጡረታ ድምር ከተጣራው ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። ልዩነቱን የሚያሰላ አንድ ሴል ይኑርሽ። ዜሮ ካለሽ ደህና ነው። ጥቂት ሳንቲም ካሳየሽ የማጠጋጋት ጉዳይ ነው። ኤንቪዲኤ የሚያነብልሽ ሴሉ የሚያሳየውን እንጂ ከኋላው ያለውን ረጅም ቁጥር አይደለም። ስለዚህ ግብሩንና ጡረታውን ራውንድ በሚለው ፎርሙላ ወደ ሁለት አሃዝ አጠጋጊ።

ሁለተኛው ማመሳከሪያ ከዚህም ይበልጣል። አንድ ሰው ደመወዙን «4,500 ብር» ብሎ ቢጽፍ ለኤክሴል ያ ቁጥር አይደለም፤ ጽሑፍ ነው። ድምር ሲሠራ ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ ስህተት ነው አይልም። ዓይናማው ጽሑፍ ወደ ግራ፣ ቁጥር ወደ ቀኝ ሲጠጋ አይቶ ሊጠረጥር ይችላል። አንቺ ስትሰሚው ግን ሁለቱም ቁጥር ይመስላሉ። መድኃኒቱ ይኸው፦ ካውንት የሚለው ፎርሙላ ቁጥር ያለባቸውን ሴሎች ብቻ ይቆጥራል፤ ካውንትኤ ደግሞ ባዶ ያልሆኑትን ሁሉ። ሁለቱን በአንድ ኮለም ላይ አወዳድሪ። ካውንትኤ 86፣ ካውንት 85 ካሉ አንድ ሰው በጽሑፍ ተጽፏል። «ብር» የሚለው ርዕሱ ላይ ብቻ ይጻፍ።

የኢትዮጵያ ቀን ላይም ያው ወጥመድ አለ። ኤክሴል የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። ኮምፒውተሩ ቀን ቀድሞ እንዲጻፍ ተዋቅሯል እንበል። ጥቅምት 28ን 28/2/2017 ብለሽ ስትጽፊ የፈረንጅ ፌብሩዋሪ 28 አድርጎ ይቀበላል። ጥቅምት 30ን 30/2/2017 ስትይ ግን ፌብሩዋሪ 30 የለውም፤ እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። ጳጉሜንማ ወር 13 ስለሆነች ጭራሽ አያውቃትም። በአንድ ኮለም ውስጥ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆናል። በቀን ቅደም ተከተል ሶርት ስታደርጊ ጽሑፎቹ ለብቻቸው ከታች ይከማቻሉ። እኔ የምመክረው ቀን፣ ወር፣ ዓመት ብሎ ሦስት ኮለም ማድረግ ነው። ሦስቱም ተራ ቁጥር ናቸው፤ ሶርት ሲደረግ በዓመት፣ ከዚያ በወር፣ ከዚያ በቀን ይደረደራሉ። በጆሮም ግልጽ ነው።

ለፈጣን ድምር ፎርሙላ መጻፍ የለብሽም። ሴሎቹን በሺፍትና በቀስት ምረጪና ስታተስ ባሩን (ከመስኮቱ ግርጌ ያለውን መስመር) አስነብቢ፤ ኢንሰርት ኤንድ፣ በላፕቶፕ አቀማመጥ ኢንሰርት ሺፍት ኤንድ። አማካዩን፣ ብዛቱንና ድምሩን ይነግርሻል።

የተቀረው ቶሎ ያልፋል። የተቆለፈ ሺት ላይ ቀስቱ አንዳንድ ሴሎች ውስጥ አልገባ ካለሽ ኢንሰርት ስፔስ ተጫኚ፤ ብራውዝ ሞድ ውስጥ ስለሚያስገባሽ የተቆለፈውንም ማንበብ ትችያለሽ። በሪበኑ (ከላይ ባለው የትእዛዞች መደዳ) ውስጥ የጠፋብሽን ትእዛዝ በአዲሶቹ ኤክሴሎች ኦልት ኪው ብለሽ በስሙ ፈልጊው። ቻርት ላይ ጊዜ አታጥፊ። መሥራት ትችያለሽ፤ ለማንበብ ግን ቻርቱ የተሠራበትን ሠንጠረዥ ማንበብ ይሻላል። ቻርት ብቻ ከላኩልሽ ሠንጠረዡን ጠይቂ።

ፋይሉን ለሰው ከመላክሽ በፊት ሁለት ነገር። ኮለሙ ከጠበበ ቁጥሩ ለዓይናማ ሰው መሰላል በሚመስል ምልክት ተሸፍኖ ይታያል። ሁሉንም በኮንትሮል ኤ ምረጪና ኦልት፣ ኤች፣ ኦ፣ አይ አንዱን ካንዱ አስከትለሽ ተጫኚ፤ ኮለሞቹ እንደ ይዘታቸው ይሰፋሉ። ሌላው የሚስጥር ጉዳይ ነው። ፔሮል የሰው ደመወዝ ነው። አንቺ በጆሮ ማዳመጫ እየሠራሽ ከኋላሽ ያለፈ ሰው ሁሉ ስክሪኑን ያነባል። ኢንሰርት ኮንትሮል ኢስኬፕ የኤንቪዲኤን ስክሪን ከርተን ያበራል፤ ስክሪኑ ይጠቁራል፣ ሥራሽ ይቀጥላል። ለአለቃሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ኮምፒውተሩ የተበላሸ እንዳይመስላቸው።

አለቃሽን ካነሳን፣ ሥራውን ለሌላ ከመስጠታቸው በፊት አንድ ወር ጠይቂያቸው። «ሺቱን ላስተካክል፣ የዚህን ወር ፔሮል ከባልደረባዬ ጋር ጎን ለጎን ልሥራ፣ ውጤቱ ይመሳከር» በያቸው። ይህ ልመና አይደለም። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ የሥራውን ሁኔታና መሣሪያ እንዲያመቻች ግዴታ ጥሎበታል። አንቺ የምትጠይቂው ደግሞ ወጪ የለውም፦ ሴል አይዋሃድ፣ ከቀለም ጋር ቃል ይጻፍ፣ የርዕሱ ረድፍ አይነካ። ባልደረባሽ ምን እንደምትሰሚ ካልገባት ከኤንቪዲኤ ሜኑ፣ ቱልስ ውስጥ ስፒች ቪወርን ክፈቺላት። የሚነገርሽ ሁሉ ስክሪኑ ላይ በጽሑፍ ይወጣል። አንድ የተዋሃደ ሴል ላይ አብራሽ ብታልፍ ለምን እንደምትጨነቂ ወዲያው ይገባታል።

ጆውስን አሁን አትግዢ። ጥሩ ፕሮግራም ነው፤ ግን ውድ ነው። ኤንቪዲኤ በነፃ የሚሰጥሽ ከላይ ለጻፍኩት ሥራ ሁሉ ይበቃል። ወደፊት መሥሪያ ቤቱ ቢገዛልሽም ድካምሽ አይባክንም፤ በኤንቪዲኤ ያመለከትሽውን ርዕስ ጆውስም እዚያው ፋይል ውስጥ አግኝቶ ያነበዋል። ኤንቪዲኤሽ የቆየ ከሆነ ግን ዛሬውኑ አሻሽዪው። ርዕሶቹን አመልክተሽ እንደገና ከተምታታብሽ ደግሞ የሠንጠረዡን የመጀመሪያ አምስት ረድፎች፣ የሰዎቹን ስምና ደመወዝ ለውጠሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።